ማዳፈን ማጥፋት አይደለም

የመኸር እህል ታጭዶ ከተከመረበት ጊዜ አንሥቶ ውቂያው እስኪያልቅ ድረስ የገበሬው ቤተሰብ የዓመት ቀለብ የሚያድረው በሜዳ ላይ ነው። በደጋው አገር የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ስለሚበረታ ክምር ጠባቂው ያለ እሳት ማደር ይቸግረዋል። በዚሁ ወቅት ግን ሣሩም ገለባውም ደርቆ በአንዲት ፍንጣሪ የሚያያዝ ነው። ስለዚህ የሜዳ እሳት አነዳድና አጠፋፍ ለጠባቂው ብቻ የሚተው ጉዳይ ሳይሆን የገበሬ ማኅበር መሪዎች ሊከታተሉት የሚገባ ሥራ ነው።

በመጀመሪያ ቦታው ይመረጣል። ጥቂት ገለባ ወደ ላይ በመበተን ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ ማየት ይቻላል። እሳቱ መነደድ ያለበት ነፋሱ ክምሩን አልፎ በሚሄድበት በኩል ነው፤ ይህ ሲሆን ፍንጣሪው ከክምሩ ይርቃል። ርቀቱም ቢያንስ 30 እርምጃ ቢሆን ይመረጣል። በምድጃው ዙሪያ በየአቅጣጫው 3 እርምጃ ያህል ባዶ አፈር እስኪታይ ድረስ ይጠረጋል። መካከሉ አንድ ስንዝር ተቆፍሮ አፈሩ ዳር ዳሩን ይቀመጣል፤ ይኸው አፈር ኋላ ለማጥፊያ ያገለግላል። ለጉልቻ ከወንዝ የወጣ እርጥብ ድንጋይ በግለት ሊፈነዳ ስለሚችል ደረቅ የሜዳ ድንጋይ ይሻላል።

እሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ማገዶ፣ አየርና ሙቀት። ማገዶው ክብሪት ከመጫሩ በፊት በሦስት ተለይቶ ይዘጋጃል፤ ይኸውም ደረቅ ሣር ወይም የጽድ ልጣጭ፣ ቀጥሎ ከጣት የቀጠነ ጭራሮ፣ በመጨረሻም ጉማጅ ነው። ሣሩ ከሥር ሆኖ ጭራሮው እንደ ጎጆ ጣሪያ ተደጋግፎ ይቆማል፤ በመካከሉ አየር ማለፊያ ይተዋል። የሚለኩሰው ሰው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ከሥር ይለኩሳል። ጉማጁ ነበልባሉ ከመጠንከሩ በፊት ከተጫነ እሳቱ አየር አጥቶ ይጨሳል።

በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድ ደረቅ እንጨት በእንጨት ላይ በመዳፍ እያሾሩ እሳት ማውጣት የታወቀ ነው። የወጣችውን ትንሽ ፍም በደረቅ ሣር ይዘው ቀስ ብለው እፍ ይሏታል። ክብሪት ላለውም ትምህርቱ አንድ ነው፤ እሳት የሚያድገው ደረጃ በደረጃ ነው።

የወይራና የግራር ጉማጅ ፍሙ ብዙ ሰዓት ይቆያል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት ስላለው ቶሎ ቢያያዝም እየነደደ በነፋስ ስለሚበር በክምር አካባቢ አይሆንም። የቁልቋልና የቅንጭብ ጭስ ዓይን ስለሚጎዳ ከማገዶው አይግቡ። ዝናብ የነካው እንጨት ቢፈለጥ ከውስጡ ደረቅ ስንጥር ይገኛል። በእሳት ላይ ነጭ ጋዝ ማርከፍከፍ ግን ነበልባሉን ወደ ሰውየው ይመልሰዋል።

ዋናው ቁም ነገር ያለው በአጠፋፉ ላይ ነው። ጎሕ ሲቀድ ጠባቂው ፍሙን አፈር አልብሶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እማወራዋ ማታ ፍሙን በአመድ የምታዳፍነው ግን እስከ ጧት እንዲቆይላት እንጂ እንዲጠፋ አይደለም። አፈር የለበሰ ፍምም እንዲሁ ነው፤ ረፋድ ላይ ነፋስ ሲነሣ ወይም ከብት ሲረግጠው ይገለጣል። ስለዚህ ፍሙ ውሃ ይፈስበታል፣ በእንጨት ይማሰላል፣ እንደገና ውሃ ይጨመርበታል። ውሃ ከሌለ አፈሩ ከፍሙ ጋር ተደጋግሞ ይታሻል። በእጅ ጀርባ ሲቀርቡት ሙቀት የሚሰማ ከሆነ ገና አልጠፋም።

ከቁጥጥር የወጣ እሳት ምን እንደሚያደርግ የታወቀ ነው። በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው ቃጠሎ ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደንና ቁጥቋጦ አውድሟል። በ2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተነሣውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም ባለሙያዎች መጥተዋል። ለአንድ አውድማ ግን ሄሊኮፕተር አይመጣም።

ስለዚህ የማኅበሩ መሪዎች ከአጨዳው በፊት ስብሰባ ጠርተው ለየአውድማው የእሳት ቦታ ቢያስለዩ፣ አንድ እንስራ ውሃና አንድ አካፋ በአቅራቢያው እንዲኖር ቢያደርጉ፣ እሳት ሲነሣ ሕዝቡ በምን ምልክት እንደሚጠራ ቢወስኑ መልካም ነው። ተረኛ ጠባቂውም ምድጃው መጥፋቱን ለቀጣዩ ተረኛ በእጁ አስነክቶ ያስረክብ።