«ተመስገን» ያለው ሕመምተኛ

ትናንት ሆዳቸው ለቀዶ ሕክምና የተከፈተ አዛውንት ጠዋት ተራ የገባችው ነርስ «እንዴት አደሩ፣ አባባ?» ብትላቸው መልሳቸው የታወቀ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ»። ካርዱ ላይም «ደህና» ተብሎ ይጻፋል። ሌሊቱን ያነጉት ግን ትንፋሻቸውን እየቆጠቡ፣ ሳላቸውን እየዋጡ ነው።

መቻሉ መዘዝ አለው። ቁስሉን ፈርቶ በጥልቀት የማይተነፍስና የማይስል ሰው ሳንባው ውስጥ አክታ ይጠራቀማል፤ የሳንባ ምች ሊከተል ይችላል። ከአልጋው ካልተነሳ እግሩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። አንዳንዱን ደግሞ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሕመሙ ለወራት አይለቀውም።

ብዙው ነገር ያለው አጠያየቁ ላይ ነው። የተለመደው መለኪያ ምንም ሕመም ከሌለ 0፣ የመጨረሻው ከባድ ሕመም ከሆነ 10 ብሎ ቁጥር ማስጠራት ነው። ቁጥር ለማይመቸው «ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ» ይበቃል። ለሕፃናት ከፈገግታ እስከ እንባ የተደረደሩ ስድስት ፊቶች አሉ፤ ያዘጋጇቸው ዶና ዎንግና ኮኒ ቤከር ናቸው፣ በአሜሪካ ኦክላሆማ በ1980ዎቹ ከሕፃናት ጋር ሲሠሩ። (ዘመኑ እዚህም ከታችም የአውሮፓውያን ነው።)

ጥያቄው ሕመምተኛው ጋደም እንዳለ ብቻ ከቀረበ ግን ግማሹ ይቀራል። «እስኪ ቀና ይበሉና ይሳሉ» ሲባሉ፣ ተኝተው 2 ያሉት አባባ 7 ሊሉ ይችላሉ። መድኃኒቱ ማውረድ ያለበት ይህን 7 ነው።

አሜሪካዊቷ ነርስ ማርጎ ማካፈሪ በ1968 ሕመም ማለት ታማሚው ያለው ነው ብላ አስተማረች። ትክክል ነበረች፤ ይሁን እንጂ ቁጥርን ብቻ ማሳደድም የራሱ ጣጣ አለው። አሜሪካ ውስጥ ሕመም ከሙቀት፣ ከልብ ምት፣ ከትንፋሽና ከደም ግፊት እኩል እንዲለካ ተወስኖ ሳለ፣ እንደ ሞርፊን ያሉ የኦፒዮይድ ማስታገሻዎች ሱስ ቀውስ ሲከፋ የሀገሪቱ ሐኪሞች ማኅበር በ2016 ከዚያ አሠራር እንዲወጣ ጠየቀ። ቁጥሩ ጨዋታ መክፈቻ ነው፤ ቀጥሎ «የት? ምን ሲያደርጉ? እንቅልፍስ?» መባል አለበት።

በተግባር ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው «ካመመው ይሰጥ» የሚለው ትእዛዝ ነው። ሕመምተኛው አፍሮ ዝም ይላል፣ አስታማሚው ሲብስ ይጣራል፣ ነርሷ በሌሊት ስንቱን አልጋ ብቻዋን ትዞራለች። ፓራሲታሞልን በሰዓቱ መስጠት፣ ከተፈቀደ እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ መድኃኒት መጨመር፣ ሞርፊንን ወይም ትራማዶልን ለከባዱ ማቆየት ይሻላል። ሞርፊን ለጥቂት ቀን ሲሰጥ፣ ብዙዎችን ከሚያሳስበው ሱስ ይልቅ የትንፋሽ መቀነስና ያልተለመደ ድብታ ናቸው የሚያስፈሩት፤ ነርሷ ትንፋሽ ትቆጥራለች፣ ሕመምተኛው ሲጠሩት መንቃቱን ታያለች።

ከዚያም ተመልሳ ትጠይቃለች፦ በደም ሥር ከተሰጠ ከ30 ደቂቃ ገደማ፣ በአፍ ከተዋጠ ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ። ተራ ስታስረክብም «ማስታገሻ ወስደዋል» ከማለት ይልቅ «በሳል 7 ነበሩ፣ አሁን 3፣ ቀጣዩ በ12 ሰዓት» ትላለች።