ጥንቆላ አንገት ሲያስቆርጥ፣ ልጅዎ ማንን ይምረጥ?

«ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን ጨዋታ የሚያሳትመው በሲያትል አጠገብ፣ በሬንተን የሚገኘው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ነው። ልጆች ጠረጴዛ ከበው የጥንት ዘመን ሰው ሆነው ይጫወታሉ፤ ሙያም ይመርጣሉ። በ1974 እ.ኤ.አ. ጨዋታው ሲወጣ ምርጫው ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን ብቻ ነበር።

አስማት ብርቅ በሆነበት ዓለምስ ማን ይመረጥ? መልሱ አገር ቤት አለ። ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ (ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ.) ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን ሲቀጡ የገዛ ልጆቻቸውን እንኳ አልማሩም። በዚያ ዘመን የሚያዋጣው ጨዋ የሚባለው የንጉሥ ጦር ክንድ፣ የሲራራ ነጋዴ ብልሃት፣ የመነኩሴ ብዕር ነው። አስማት የሚደግም ደብተራ ግን አንገቱን አስይዞ ይጫወታል።

የሲያትል ልጅ የአውሮፓን ፈረሰኛ ቢመርጥ የራሱን ንቆ አይደለም፤ የነገረው ስለሌለ ነው። ወላጆች ሆይ፣ ጨዋታው ሳይጀመር ንገሩት።