ኬሞው ይቀጥል ወይስ ይቁም?

«ለውሻ ደግሞ ኬሞ? ኧረ ጉድ ነው! ሰው መድኃኒት አጥቶ በሚሞትበት አገር?»

ይህን ያለችው የአክስቴ ጎረቤት ናት። ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። አክስቴ አንገቷን ደፍታ ስኒ ማጠቧን ቀጠለች እንጂ መልስ አልሰጠችም። እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ልናገርና እኔም በሆዴ እንደዚያው እያልኩ ነበር። ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ያን ዝምታዬን ልክስ ብዬ ነው። ውሻ የሌላችሁ አንባቢያንም ታገሱኝ። አፍ የሌለውን ሕመምተኛ «ትንሽ ቻለው» እያሉ ማሳከም እስከ የት ነው? «በቃ» የሚባለውስ መቼ ነው? ይህ ጥያቄ አንድ ቀን የማናችንንም በር ማንኳኳቱ አይቀርም።

የአጎቴ አደራ

ውሻው መቻል ይባላል። 7 ዓመቱ ነው፤ የአበሻ ውሻ፣ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ። ቡችላ ሳለ በካፖርቱ ኪስ ይዞ ቤት ያስገባው አጎቴ ነው። አጎቴ ካረፈ 4 ዓመት ሆነው። የገደለው ካንሰር ነው። አልጋ ላይ ሳለ ለአክስቴ የተናዘዘላት ብዙ ነገር የለም፤ ቤቱም ያው ቤት፣ ጡረታውም ያው ጡረታ ነው። «ውሻዬን አደራ» ያላትን ግን እኔም በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል መቻል ከብልቱ ደም ማንጠባጠብ ጀመረ። አክስቴ መጀመሪያ ተጣልቶ የቆሰለ መሰላት። ቀጥሎ የሽንት ቧንቧ ሕመም ነው ተብሎ መርፌ ተወጋ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በኋላ አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ከእጢው ላይ ትንሽ ወስዶ በማይክሮስኮፕ አየና «እማማ፣ ይኼ ካንሰር ነው» አላት።

አክስቴ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

ሐኪሙ ግን ንግግሩን አልጨረሰም ነበር። በሽታው በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ቲቪቲ የሚባል፣ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፍ ካንሰር ነው። በአብዛኛው የሚተላለፈው በመጋባት ነው፤ በመላላስና በመሸታተትም ሊመጣ ይችላል። የሚገርመው ነገር የሚያስተላልፈው ቫይረስ ወይም ባክቴሪያ አለመሆኑ ነው። ራሱ የካንሰሩ ሕዋስ ነው ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ተሻግሮ የሚበቅለው። እ.ኤ.አ. በ2019 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ይህ ካንሰር ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት እስያ ውስጥ በኖረ አንድ ውሻ ላይ የተነሳ ነው። ያ ውሻ ከሞተ ስንት ዘመኑ! እጢው ግን ከውሻ ወደ ውሻ እየተላለፈ ይኸው አክስቴ ግቢ ድረስ መጣ። ወደ ሰው ግን አይተላለፍም። ማታ ማታ በር ተከፍቶላቸው የሚዞሩ ውሾች በበዙበት ከተማ ሁሉ በሽታው የታወቀ ነው።

መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ይባላል። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፤ እጢው እስኪጠፋ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 መርፌ ይፈጃል። «ኬሞ ነው?» አለች አክስቴ። «አዎ እማማ፣ ኬሞ ነው።»

ይህች ቃል አክስቴ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነች ሐኪሙ ከየት ይወቀው?

ሦስተኛው መርፌ

የመጀመሪያውና የሁለተኛው መርፌ በሰላም አለፉ። ደሙ ቆመ፤ እጢው ከግማሽ በታች ሆነ። ሦስተኛው ሐሙስ ዕለት ተሰጠ። ቅዳሜ መቻል አስመለሰ። እሁድ ማለዳ ስልኬ ጮኸ።

«ልጄ፣ ድረሽልኝ። እህል ከናካቴው ተወ።»

ስደርስ ውሻው በር ሥር፣ በዚያው በአጎቴ አሮጌ ካፖርት ላይ ተኝቷል። አክስቴ የአጥንት መረቅ በሳህን ይዛ አጠገቡ ተንበርክካለች። መቻል ሳህኑን አየት አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አክስቴ ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

«እሱም እንዲህ ነበር ያደረገኝ» አለች። «አጥሚቱን ይዤ ስቆም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ ግን ‘ጨርሰው፣ አንድ ዙር ነው የቀረው’ እያልኩ አስጨረስኩት። ምን አተረፈ? አሁን ደግሞ ይኼን ምስኪን?»

ማታ ከአሜሪካ ልጇ ደወለች። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፤ የሕክምናውን ገንዘብ ግማሹን የምትልከውም እሷ ናት። ነገሩ ለእሷም አዲስ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት የራሷ ውሻ ሊምፎማ የተባለ የንፍፊት ካንሰር ይዞት ነበር። በአራት ዓይነት መድኃኒት ታክሞ ለ7 ወር ደህና ከሆነ በኋላ ሕመሙ ተመለሰ። በሌላ መድኃኒት እንደገና ጀመሩለት፤ ሰውነቱ አልቻለም።

«እማዬ፣ እኔ ዘግይቼ ነው ያቆምኩት» አለቻት። «የመጨረሻዋን ሦስት ሳምንት ለእሱ ብዬ ሳይሆን ለራሴ ብዬ ነው ያኖርኩት። የእኔን ስህተት አትድገሚው። አቁሚው።»

እንዲህ ሆነና አክስቴ በሁለት ሐዘን መሐል ቆመች። ሁለቱም «አቁሚ» ነው የሚሏት። ጎረቤቷ ደግሞ ከበፊትም አልፈለገችው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንዲሉ፣ ለመቻል የቀረው ጠበቃ ያው የሰባት ዓመት ጥበቃው ብቻ ነበር።

አንድ ቃል፣ ሁለት በሽታ

ሰኞ ጠዋት መቻልን በታክሲ ይዘን ሄድን። ባለታክሲውን ለማሳመን የፈጀብንን ጊዜ አታንሱት! አክስቴ ገና ከበሩ ላይ «ዶክተር፣ ላቆመው ነው» አለች። ሐኪሙ አልተከራከራትም። ሙቀቱን ለካ፣ ደም ወሰደ፣ ሆዱን ዳበሰ። ከዚያ ቁጭ ብሎ አስረዳን። እኔም የጻፍኩትን እንደሚከተለው አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ኬሞ የመድኃኒት ስም እንጂ የዕጣ ስም አይደለም። ምን ላይ እንደሚሰጥ ነው ዋናው። የልጅቷ ውሻ የነበረበት ሊምፎማ ሳይታከም ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ወር ውስጥ ይገድላል። በአራቱ መድኃኒት ሲታከም አብዛኞቹ ውሾች እብጠታቸው ይጠፋል፤ ወደ አንድ ዓመት ገደማ የሚኖሩም ብዙ ናቸው። ከሥሩ የሚድኑት ግን ጥቂቶች ናቸው። አንዴ ከተመለሰ ደግሞ ሁለተኛው እፎይታ ከመጀመሪያው ያጥራል። እዚያ የሚገዛው ጊዜ ነው። የተገዛው ጊዜ በሥቃይ ከተሞላ መግዛቱ ምን ይረባል? ስለዚህ ማቆሟ ልክ ነበር። ቲቪቲ ግን ሌላ ነው። በዚህ መድኃኒት ከ10 ውሾች 9ኙ ገደማ ይድናሉ፤ የሚድኑትም ጨርሰው ነው። እዚህ የሚገዛው መዳን ነው።

ሁለተኛ፣ «ደሙ ቆሟል፣ ይበቃዋል» ማለት አያዋጣም። እጢው ገና አለ። የቀረው እንደገና ሊያድግ ይችላል፤ ያን ጊዜ መድኃኒቱ እንደ መጀመሪያው ላይሠራ ይችላል። መቻል ከግቢ ከወጣም ለሰፈሩ ውሾች ያዳርሳል።

ሦስተኛ፣ ከመቀጠልና ከማቆም ሌላ መንገድ አለ፤ ማዘግየት። የመቻል ነጭ የደም ሕዋሳት ወርደው ነበር። ይህ መድኃኒቱ በተሰጠ በሳምንቱ አካባቢ የሚጠበቅ ነገር ነው። ትኩሳት ግን የለውም። ሐኪሙ የማስመለሱን ማስታገሻ ሰጠው፣ የሐሙሱን መርፌ በአንድ ሳምንት አራዘመ፣ መጠኑንም እንደሚቀንስ ነገረን። «ለውሻ ኬሞ የምንሰጠው በሰው መጠን አይደለም እማማ» አላት። «እንስሳ ስለ ነገ ብሎ ዛሬን አይታገስም። አልገባውማ! ስለዚህ ዛሬው እንዳይከፋበት አድርገን ነው የምንሰጠው። ከከፋበት ጥፋቱ የእኛ ነው፤ እናስተካክላለን።»

አክስቴ አንድ ጥያቄ ቀራት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀች፦ «ይኼ መድኃኒት ለሰውም ነው አሉ። ከሕፃን አፍ ነጥቀን እንዳይሆን?»

ልክ ናት፤ ቪንክሪስቲን የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት የሚታከሙበት መድኃኒት ነው። ሐኪሙ አላድበሰበሰም። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በአንድ ጊዜ የሚወስደው ግማሽ ሚሊግራም ገደማ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ውሾች በአንድ ቀን እየቀጠረ አንዱን ባለ 1 ሚሊግራም ብልቃጥ ያካፍላቸዋል። «መድኃኒቱ ለሰው የጠፋ ቀን ግን እኔም ለውሻ አልፈልግም» አለ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ነው ፊቷ የተፈታው።

በደብተር የተጻፈ ፍርድ

ሐኪሙ ሲያሰናብተን አንድ የቤት ሥራ ሰጠን። አሊስ ቪላሎቦስ የተባሉ አሜሪካዊት የእንስሳት ካንሰር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት መለኪያ ነው። ሰባት ጥያቄ አለው፦ ሕመም አለው? ይበላል? ውሃ ይጠጣል? ንጹሕ ነው? ደስ ይለዋል? ይንቀሳቀሳል? ደህና ቀኖቹ ከክፉዎቹ ይበልጣሉ? እያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጠዋል። ድምሩ ከ35 በላይ ከሆነ ሕክምናውን መቀጠል ያስኬዳል፤ ከዚያ በታች ወርዶ ከሰነበተ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ነው።

አክስቴ የዕቁብ ደብተሯን የኋላ ገጽ ገለጠች። ሰኞ ማታ 29 ጻፈች። ማክሰኞ 33። ረቡዕ መቻል መረቁን ላሰ፤ 41። ቅዳሜ የቆሻሻ ጋሪ የሚገፋውን ልጅ ሲጮህበት 56 ሰጠችው፤ እኔ እንኳ በዛ ብያለሁ። ዓይናችን በፍርሃት የተሸፈነውን ነገር ደብተሩ አሳየን። እሁድ ዕለት «አበቃለት» ያልነው ውሻ ያለፈው ክፉ ሦስት ቀን ነበር፤ ክፉ ሕይወት አልነበረም።

አራተኛው መርፌ ተሰጠ፣ አምስተኛውም። በአምስተኛው እጢው ጠፋ። ይኸው ስምንት ወር ሆነው፤ አልተመለሰም። ተኮላሽቷል፤ በሩም ማታ ማታ ይዘጋል።

ሜሪላንድ ያለችው ልጅ ዜናውን ስትሰማ በደስታ ፈንታ ዝም አለች። ቆይታ «የእኔስ ብቀጥል ይድን ነበር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ሐኪሙ ያለንን ነገርኳት፤ የሷ ውሻ ሕመም ሌላ፣ የመቻል ሌላ ነው። እሷ ማቆሟም ጽድቅ ነው፣ እናቷ መቀጠሏም ጽድቅ ነው። አለቀሰች። ሁለት ዓመት የያዘችው እንባ ነበር።

ምክር ለሚሹ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥማችሁ ሐኪማችሁን አስቀድማችሁ «ይኼ ሕክምና ለማዳን ነው ወይስ ጊዜ ለመግዛት?» በሉት። ለማዳን ከሆነ በአንድ ክፉ ሳምንት አትሽሹ። ጊዜ ለመግዛት ከሆነ ግን ጊዜው ደህና ጊዜ መሆኑን በየቀኑ እየጻፋችሁ መዝኑ፤ ካልሆነ ሳይሰቃይ በመርፌ እንዲያርፍ ማድረግ ክህደት አይደለም።

እህል ከአንድ ቀን በላይ ከተወ፣ ደጋግሞ ካስመለሰ፣ ወይም ሙቀቱ ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ውሰዱት። መርፌው ከተሰጠ በኋላ ለሦስት ቀን ያህል ሽንቱንና ዓይነ ምድሩን ያለ ጓንት አትንኩ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃናት ጭራሽ አይጠጉት። መርፌውን ቤት ውስጥ በዘፈቀደ የሚወጋላችሁም አትፈልጉ፤ መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ሥጋውን ያቆስላል። ውሻችሁንም በሌሊት አትልቀቁት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ገንዘቡስ? ከልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም ከቤተሰብ መድኃኒት ላይ የሚነሳ ከሆነ፣ አለመቻልን አምኖ ማቆም ነውር የለውም። አክስቴ ቤት ግን ከማንም አልተነጠቀም፤ የተቀነሰው ከራሷ ሻይና ስኳር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ቡና ላይ ነበርን። ያችው ጎረቤት ስትገባ መቻል ጮኸባት። «አንተ! አሁንም አለህ?» አለችና ከዳቦዋ ቆርሳ ወረወረችለት። አክስቴ ስኒ እያጠበች ነበር። አሁን ግን አንገቷን አልደፋችም።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።