ተጨማሪ መረጃ፦ በመተማ ሜዳ የተውለበለቡ ጨርቆች

ከሸሕዲ ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ በእኛ በኩል የሚያበቃው መተማ ዮሐንስ ላይ ነው። ከተማዋ በስማቸው የምትጠራው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ከሱዳኑ መሐዲ ተከታዮች (መሐዲስቶች) ጋር ሲዋጉ የቆሰሉት እዚህ ነው።

በመሐዲው ዘመን የሱዳን ሠራዊት የሚከፋፈለው በባንዲራ ነበር፦ ጥቁሩ የኸሊፋ አብዱላሂ፣ ቀዩ የመሐመድ ሸሪፍ፣ አረንጓዴው የዓሊ ወድ ሒሉ። ባንዲራዎቹ የሚነበቡም ነበሩ። ከሌላ ጨርቅ ተቆርጠው የተሰፉት የዐረብኛ ፊደላት ፈጣሪን ይማጸናሉ፤ መሐዲውም የነቢዩ ተተኪ መሆኑን ያውጃሉ። ፊደል ላልቆጠረ ተዋጊ ቀለሙ ይበቃዋል። የጦር አሰላለፍ፣ ጸሎትና የሥልጣን ይገባኛል ባይነት በአንድ ጨርቅ ላይ ተሰፍተዋል ማለት ነው።

በቀለም ወገን መለየት በሆላንድም ነበር። የኦሬንጅ ልዑል ተከታዮች ብርቱካናማ፣ ነጭና ሰማያዊ ባንዲራ ይዘው ከስፔን ጋር ተዋጉ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ብርቱካናማው ቦታውን ለቀይ ለቀቀ። በ1930ዎቹ የአገሪቱ ናዚዎች የጥንቱን ቀለም መልሰው ሲያነሡ፣ ንግሥት ዊልሄልሚና በ1937 እ.ኤ.አ. ቀዩን በድንጋጌ አጸኑት።