የወታደሩ ደመወዝና የነጋዴዎቹ ዘዴ

በአሜሪካ አገር ወደ አንድ ትልቅ የጦር ሠፈር የሚወስደውን መንገድ ይዞ የሚጓዝ ሰው ከበሩ ከመድረሱ በፊት ግራና ቀኙን ቢመለከት አንድ ዐይነት ሱቆች ተደርድረው ያገኛል። በደቂቃ ገንዘብ የሚያበድሩ፣ መኪና በዱቤ የሚሸጡ፣ ዕቃ በመያዣ የሚቀበሉ፣ ቀለበትና ቴሌቪዥን በየወሩ ክፍያ የሚያቀርቡ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስቲቨን ግሬቭስና ክሪስቶፈር ፒተርሰን የተባሉ ሁለት ምሁራን በ20 ስቴቶች በሚገኙ 109 የጦር ሠፈሮች ዙሪያ የአበዳሪ ሱቆችን አድራሻ አንድ በአንድ መዝግበው ባወጡት ጥናት፣ እነዚህ አበዳሪዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በወታደር ከተሞች አጠገብ መከማቸታቸውን አሳይተዋል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ነው፤ ሆኖም ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ከ2008 እስከ 2016 ድረስ የአሜሪካ ጦር ኃይል ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን፣ ነገር ግን የሚፈለግ ቋንቋ የሚያውቁትን የውጭ አገር ሰዎች በልዩ ዕቅድ ይመለምል ነበር፤ አማርኛም ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ ነበረ። በዲቪ ዕጣ ሄደው ዜግነታቸውን ለማፋጠንና የትምህርታቸውን ወጪ ለመሸፈን ሲሉ የሚመዘገቡም አሉ። ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር የተቀመጠ ሰው ነገ በዚያ በር ሊገባ ስለሚችል፣ በበሩ ዙሪያ የቆሙት ሰዎች ምን እንደሚሸጡ ማወቁ ትርፍ ዕውቀት አይሆንም።

ለመሆኑ ከሰው ሁሉ መርጠው ወታደሩን የሚከቡት ለምንድን ነው? ብዙ ሰው የሚሰጠው መልስ ወታደር ወጣት ነው፣ ገንዘብ አያያዝ አያውቅም የሚል ነው። በእኛ አስተያየት ይህ መልስ ግማሽ እውነት እንኳን አይሆንም። ወጣትና ገንዘብ አያያዝ የማያውቅ ሰው በየትም ቦታ ሞልቷል፤ ተማሪውም ከዚያው ነው። ወታደሩን ከሌላው የሚለየው ደመወዙ የማይቀር መሆኑ ነው። በወሩ በ1ኛውና በ15ኛው ቀን መንግሥት ይከፍለዋል። ፋብሪካው ተዘጋ ተብሎ አይሰናበትም፤ አድራሻው ይታወቃል፤ ቢፈልግም ሳይፈቀድለት ከተማ ለቅቆ መሄድ አይችልም። በዚህ ላይ ዕዳውን ያልከፈለ እንደ ሆነ ነገሩ ወደ አዛዡ ሊደርስ ይችላል። ዕዳ የተከመረበት ሰው የምሥጢር ሥራ ፈቃዱን ሊያጣ፣ ከዚያም ጋር የማዕረግ ተስፋው ሊቋረጥ ይችላል። ዕዳን በማታለል አለመክፈል በወታደር ሕግ ያስቀጣል። እንግዲህ አበዳሪው ዕዳ የሚሰበስብለት ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልገውም ማለት ነው፤ ለአዛዥህ እነግራለሁ ማለቱ ብቻ ይበቃዋል።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ከደመወዝ ላይ በቀጥታ የሚቆረጠው ክፍያ ነው። ይህ ሥርዓት የተዘጋጀው ለመልካም ነገር ነበር፤ ይኸውም በባሕር ላይ ወይም በጦር ሜዳ ያለው ሰው ለሚስቱና ለልጆቹ ገንዘብ እንዲልክ፣ የቤት ኪራዩን እንዲከፍል ነው። ሻጮቹ ግን ተጠቀሙበት። ወታደሩ አንድ ጊዜ ከፈረመ በኋላ የኮምፒዩተሩ ወይም የሶፋው ዋጋ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል፤ ልክራከር ቢል እንኳ ገንዘቡ ቀድሞ ሄዷል። የመከላከያ ሚኒስቴሩ ለዕቃ መግዣ በዚህ መንገድ ደመወዝ መቁረጥን የከለከለው ከጥር 2015 ጀምሮ ነው።

የብድሩን አሠራር በቁጥር ብናየው ይገለጣል። አንድ ወታደር የደመወዙ ቀን እስኪደርስ 300 ዶላር ቸገረው እንበል። አበዳሪው በየመቶው 15 ዶላር ያስከፍላል፤ ስለዚህ ወታደሩ ለሁለት ሳምንት በኋላ የሚመነዘር የ345 ዶላር ቼክ ጽፎ ይሰጣል። ቀኑ ሲደርስ 345 ቢከፍል ለወሩ የሚተርፈው ስለማይበቃው 45 ዶላር ብቻ ከፍሎ ብድሩን ያድሳል። እንዲህ እያለ አሥር ጊዜ ቢያድስ 450 ዶላር ከፍሏል፤ የተበደረው 300 ግን አንዲት ሳንቲም አልጐደለም። በዓመት ቢሰላ ወለዱ ከመቶ 390 ይሆናል። በአገራችን አራጣ አበዳሪ በወር ከመቶ አሥር ብር ወሰደ ሲባል ሰው ያማትባል፤ ይህኛው በወር ከሠላሳ በላይ መሆኑ ነው። ልዩነቱ የእኛው አራጣ አበዳሪ በጓዳ ሲሠራ ያኛው የኤሌክትሪክ መብራት ያለው ሰሌዳ ሰቅሎ መሥራቱ ነው።

ብድሩ ከበሩ ውጭ ሲሆን ኢንሹራንሱ ግን በሩን አልፎ ይገባ ነበር። በ2004 ዳያና ሄንሪክስ የተባለችው ጋዜጠኛ በኒው ዮርክ ታይምስ በተከታታይ ባወጣችው ጽሑፍ እንዳስረዳችው፣ አዲስ ምልምሎች ስለ ገንዘብ አያያዝ ትምህርት ይሰጣችኋል ተብለው በትእዛዝ ከተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምራቸው የኢንሹራንስ ሻጭ ሆኖ ይገኝ ነበር። ለሳምንታት ያልተኛ፣ ቁም ሲሉት መቆም፣ ፈርም ሲሉት መፈረም የተማረ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ከፊቱ የመጣለትን ወረቀት የትምህርቱ ክፍል ነው ብሎ ቢፈርም ምን ያስገርማል? በደንቡ መሠረት በትእዛዝ በተሰበሰበ ሰው ፊት መሸጥ የተከለከለ ነበር፤ ደንቡ ግን በመዝገብ ቤት፣ ሻጩ በክፍል ውስጥ ነበሩ።

የሚያሳዝነው ልጁ ያን ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። መንግሥት ራሱ ለወታደሮቹ ከ1965 ጀምሮ የሕይወት ኢንሹራንስ አለው። በ2023 የካሣው መጠን ከ400,000 ወደ 500,000 ዶላር ከፍ ሲል የወሩ ክፍያ 31 ዶላር ነበር። ምልምሉ አልፈልግም ብሎ ካልጻፈ በቀር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይገባበታል። ሚስትም ልጅም የሌለው ወጣት ከዚህ ላይ ሌላ ውድ ኢንሹራንስ ሲጨምር የሚጠቀመው ኮሚሽኑን የሚቀበለው ሰው ነው።

መኰንኖቹስ? እነርሱም አላመለጡም፤ ለእነርሱ የቀረበው ግን የጨዋ ልብስ የለበሰ ነበር። በወር በወር እየከፈሉ ለ15 ዓመት የሚያጠራቅሙበት የቁጠባ ውል ይሸጥላቸው ነበር። የዚህ ውል ልዩ ጠባይ በመጀመሪያው ዓመት ከሚከፈለው ገንዘብ ግማሹ ለሻጩ ወገን መሄዱ ነው። በወር 100 ዶላር የሚከፍል ሻምበል በዓመቱ መጨረሻ 1,200 ከፍሎ 600ው ብቻ ነው በሥራ ላይ የሚውልለት። ሌላው ሕዝብ ይህን ዐይነት ውል መግዛት ከተወ ቆይቶ ነበር፤ በወታደሩ ዘንድ ግን ኖረ። የኖረበትም ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሻጮቹ ራሳቸው አብዛኛዎቹ ጡረታ የወጡ መኰንኖች ነበሩ። ትናንት አዛዥ የነበረ ሰው ዛሬ ቤት ድረስ መጥቶ ሲመክር እንዴት ጥርጣሬ ያድራል? በታኅሣሥ 2004 ዋናው ሻጭ ፈርስት ኮማንድ የተባለው ኩባንያ ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም 12 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ከዚህ በኋላ ምክር ቤቱ ነቃ። በመስከረም 2006 የወጣው ሕግ ያን የቁጠባ ውል እንደ ገና እንዳይሸጥ ከለከለ። በጥቅምትም ጂም ታለንትና ቢል ኔልሰን የተባሉት የሁለት ተቃራኒ ፓርቲዎች ሴናተሮች ያቀረቡት የወታደር ብድር ሕግ ተፈረመ። ወለዱ ልዩ ልዩ ክፍያው ሁሉ ተጨምሮበት በዓመት ከመቶ 36 እንዳይበልጥ፣ አበዳሪው ቼክ ወይም የደመወዝ መቁረጫ በመያዣነት እንዳይወስድ፣ ወታደሩንም ፍርድ ቤት የመሄድ መብቱን አሳልፎ እንዲፈርም እንዳያስገድደው ደነገገ። ይህን የተላለፈ ውል ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ፈራሽ ነው።

ሕጉ ጥሩ ነበር፤ የአፈጻጸሙ ደንብ ግን ጠባብ ሆነ። የደመወዝ ቀን ብድር ማለት ከ91 ቀን የማይበልጥና ከ2,000 ዶላር የማያልፍ ነው ብሎ ተረጐመው። እንግዲህ አበዳሪው ምን ያደርጋል? ቀኑን 92 ወይም ብሩን 2,001 ቢያደርገው ከሕጉ ወጣ ማለት ነው። ይህ ቀዳዳ በአብዛኛው የተደፈነው በ2015 በወጣውና ከጥቅምት 2016 ጀምሮ በተሠራበት ደንብ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ቀዳዳው ክፍት ነበር ማለት ነው፤ እኛ የሕግ ተማሪ ጓደኞቻችን ስለ ትርጓሜ አንቀጾች ሲከራከሩ ቃል መሰንጠቅ ነው እያልን የምናፌዝ ሰዎች ይህን ብናስተውል መልካም ነው።

ወለድ ሲከለከል ደግሞ ወለዱ ወደ ዋጋ ውስጥ ገባ። በ2014 የአሜሪካ የሸማቾች ገንዘብ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና 13 ስቴቶች ሮም ፋይናንስ በተባለው አበዳሪ ላይ በወሰዱት እርምጃ ወደ 17,000 ለሚሆኑ ወታደሮችና ሌሎች ገዢዎች የ92 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ተሰረዘ፤ ዘዴው የኮምፒዩተሩን ዋጋ ከፍ አድርጎ ጽፎ ወለዱን በውስጡ መደበቅ ነበር። በ2022 ደግሞ ሐሪስ ጁወልሪ የተባለው የጌጥ ነጋዴ ተከሰሰ። ይህ ነጋዴ የወታደር ልብስ የለበሰ የድብ አሻንጉሊት እየሸጠ ለበጎ አድራጎት ይውላል ይል ነበር፤ አሻንጉሊቱን ብሎ የገባውን ልጅ ከእኛ በዱቤ ብትገዛ የብድር ስምህ ይሻሻላል ብሎ ቀለበት ያስታቅፈዋል፤ ያልጠየቀውን የዕቃ ዋስትናም ሒሳቡ ላይ ይጨምርበታል። ዕርቁ ሲፈጸም ተመላሹና የተሰረዘው ዕዳ ከ34 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። አዲስ መጤ፣ በዚያ አገር የብድር ታሪክ የሌለው የእኛ ሰው በእንዲህ ያለው ቃል ይበልጥ እንደሚሳብ መገመት አያስቸግርም።

ለተማሪ ግን ከሁሉ የሚቀርበው የኮሌጁ ነገር ነው። ለትርፍ የሚሠሩ ኮሌጆች ከገቢያቸው ከመቶ 90 በላይ ከፌዴራሉ የተማሪ ርዳታ እንዳያገኙ፣ ቀሪውን አሥር ከሌላ እንዲያመጡ ሕግ ያዝዛል። ነገር ግን የወታደር ትምህርት ገንዘብ ምንም እንኳን ከዚያው ከመንግሥት ካዝና የሚወጣ ቢሆን እንደ ሌላ ገቢ ይቆጠር ነበር። በዚህም አንድ ወታደር ይዞት የሚመጣው አንድ ዶላር ሌላ ዘጠኝ የመንግሥት ዶላር ይስብ ነበር። መልማዮቹ ወደ ጦር ሠፈሮች የጐረፉት ለዚህ ነው፤ ትምህርቱ ምን ይመስላል የሚለው ጥያቄ ሁለተኛ ሆነ። በመጋቢት 2021 የወጣው ሕግ ይህን አስቀረው፤ በሥራ ላይ የዋለው በ2023 ነው።

ሞትም ገበያ አለው። በኒው ጀርሲ ለሠራዊቱ የሟች ወታደሮች ቤተ ሰቦች የገንዘብ አማካሪ ሆኖ የተቀጠረ ሰው፣ በስውር ለግል የአክሲዮን ደላሎች እየሠራ የካሣ ገንዘባቸውን ወደዚያ አዙሮ ኮሚሽን ሲሰበስብ ተገኝቶ በ2024 ከ12 ዓመት በላይ እሥራት ተፈርዶበታል። የተጐዱት ሰዎች አማካሪውን ያመኑት በሠራዊቱ ቢሮ ተቀምጦ ስላገኙት ነው።

እንግዲህ ለሚሄድ ወንድም ወይም እኅት የምንነግረው አጭር ነው። በየጦር ሠፈሩ ያለ ክፍያ ውል የሚያነብ የሕግ ረዳት ቢሮ አለ፤ ከመፈረም በፊት ወረቀቱን ወደዚያ መውሰድ ነው። አይሆንም፣ ዛሬውኑ ካልፈረምህ ቅናሹ ያልፋል የሚል ሻጭ ካጋጠመ ስለ ወረቀቱ ይዘት የሚበቃ ማስረጃ ተገኝቷል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ሕጉ ጐልማሳውን ወታደር እንደ ሕፃን ያያል ብለው ይነቅፋሉ። እኛን የሚያስጨንቀን ሌላው ወገን ነው። ከመቶ 36 የሚለው ጣሪያ የሚከልለው ወታደሩንና የቅርብ ቤተ ሰቡን ብቻ ነው። በዚያው ከተማ መኪና የሚያቆም ወይም ሆቴል የሚያጸዳ የአጎቱ ልጅ ወደዚያው ሱቅ ቢገባ፣ የስቴቱ ሕግ ካልከለለው በቀር በዚያው መስኮት 390ውን ይከፍላል። ኢሊኖይ በመጋቢት 2021 ጣሪያውን ለነዋሪው ሁሉ አድርጋለች፤ ብዙ ስቴቶች ግን ገና አላደረጉትም።