ራስ ሲፈልጥ እጅን መጫን

ሞንትሪያል፣ ካናዳ፤ እ.ኤ.አ. 1980። የማክጊል ዩኒቨርሲቲው የሕመም ተመራማሪ ሮናልድ ሜልዛክና ባልደረቦቹ ጥርሳቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ሰብስበው ጥርሱን ትተው እጃቸውን ያዙ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት የሚገናኙበትን ሥጋማ ስፍራ በበረዶ ያሹት ጀመር። ከታማሚዎቹ የሚበዙት ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀለለላቸው። ያለ በረዶ እንዲሁ ሲታሹ የተገኘው እፎይታ ከዚህ ያነሰ ነበር።

ቦታው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ቻይናውያን ሐኪሞች ለራስ ምታትም የሚጫኑት ሲሆን «ሄጉ» ይሉታል፤ የተጋጠመ ሸለቆ እንደማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መደበኛ ስም ከሰጣቸው 361 የአኩፓንክቸር ነጥቦች አንዱ ሲሆን፣ የሚመደበው በትልቁ አንጀት መስመር ላይ ነው። አንጀትን ከራስ ምታት ምን አገናኘው ለሚል፣ በቻይናውያን አስተምህሮ ይህ መስመር ከሌባ ጣት ጫፍ ተነሥቶ በክንድ፣ በትከሻና በአንገት አልፎ አፍንጫ አጠገብ ያበቃል። በዘመናዊ የአካል ጥናት መጽሐፍ ውስጥ ግን እንዲህ ያለ መስመር ፈልጎ የሚያገኝ የለም። መስመሩ ባይገኝም ጣቱ ሥራውን ሊሠራ ይችላል፤ ነገሩ የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው።

አጫጫኑ ቀላል ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ሲገጠሙ በመካከላቸው ጉብ የሚል ሥጋ አለ። የጉብታውን ጫፍ በዓይን ይዞ እጁን ዘና ማድረግ፣ ከዚያም በሌላው እጅ አውራ ጣት ከላይ፣ በሌባ ጣት ከታች ቆንጠጥ አድርጎ መያዝ ነው። ግፊቱ ወደ ሌባ ጣት አጥንት ያዘነብላል። ትክክለኛው ቦታ ሲነካ ደብዘዝ ያለ፣ የሚከብድ ሕመም ይሰማል፤ የሚያስጮኽ ከሆነ ግን በዝቷል። ሁለት ሦስት ደቂቃ በቀስታ እያሽከረከሩ ከቆዩ በኋላ ወደ ሌላው እጅ መሄድ ነው። ነፍሰ ጡሮች ይህን ነጥብ እንዳይነኩ የአኩፓንክቸር ባለሙያዎች ከጥንት ጀምሮ ያስጠነቅቃሉ፤ ምጥ ያመጣል ብለው ስለሚያምኑ ነው። ማስረጃው ጠንካራ ባይሆንም መተዉ ምንም አያስከፍልም።

ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ የዋለ ሰው ግን ከእጁ ይልቅ ማጅራቱን ቢያስቀድም ይሻለዋል። የራስ ቅል በሚያበቃበት፣ ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ወደ መሀል ሲመጡ፣ በግራም በቀኝም ሁለት ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ። ቻይናውያን «ፌንግቺ» ይሏቸዋል፤ የነፋስ ኩሬ ማለት ነው። ጣቶችን ከራስ ጀርባ አቆላልፎ በሁለቱ አውራ ጣቶች ወደ ላይ፣ ወደ ቅሉ መግፋት ነው። ጣቱ የሚደክመው ሰው ሁለት የቴኒስ ኳሶች ካልሲ ውስጥ አስሮ በጀርባው ይጋደምና ማጅራቱን ያሳርፍባቸዋል። የአንገት ፊትና ጎን ግን አይነካም፤ እዚያ ያለው ትልቅ የደም ሥር ሲጫን የልብ ምት ሊቀንስና ሰው ራሱን ሊስት ይችላል።

ማጅራት ተጭኖ ግንባር ለምን ይቀላል? የላይኛው አንገት ነርቮችና የፊትን ስሜት የሚሸከመው ነርቭ መልእክታቸውን የሚያራግፉት በአንድ ጣቢያ ነው፤ ጣቢያው ከአንጎል ግንድ እስከ ላይኛው የአከርካሪ ገመድ ይዘልቃል። አንጎል የሚደርሰው ጥሪ ከየትኛው እንደመጣ ሁልጊዜ አይለይም። የተኮማተረ የአንገት ጡንቻ ከዓይን በላይ የሚፈልጠውም ስለዚህ ነው።

የእጁ ነገር የበለጠ ያስገርማል። ሜልዛክ ከእንግሊዛዊው ፓትሪክ ዎል ጋር በ1965 ያሳተመው ሐሳብ በአከርካሪ ገመድ ውስጥ የሕመም በር አለ ይላል፤ የመዳሰስና የመጫን ስሜት ሲጎርፍ በሩ ይጠባል። ልጇ ጉልበቱን የተጋጨ እናት «አይዞህ» እያለች የምታሸው፣ ይህን ጽሑፍ አንብባ አይደለም። ከዚህ ሌላ፣ ከሩቅ አካል የሚመጣ ሁለተኛ ሕመም የመጀመሪያውን የሚያደበዝዝበት ሥርዓት ነርቮቻችን ውስጥ መኖሩ ታውቋል። በየቤቱ ራስ ምታት ሲነሣ ሻሽ ተፈልጎ ግንባር ጥፍር ተደርጎ የሚታሰረውም የዚሁ ዘመድ ይመስላል።

አሁን ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ እንቸልስበት። ሜልዛክ ከመጀመሪያው የበረዶ ሙከራ ከሦስት ዓመት በኋላ ባሳተመው ሌላ ጥናት፣ ሕመሙ ካለበት ጎን ተቃራኒ ያለው እጅና ክንድ በበረዶ ሲታሽም የጥርስ ሕመሙ ቀንሷል። ነጥቡ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ጠባብ አይደለም ማለት ነው። በመርፌ የሚሰጠው አኩፓንክቸርም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ኮክሬን የተባለው የምርምር ገምጋሚ ድርጅት በ2016 ማይግሬንን ስለመከላከል 22 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝኖ ነበር። እውነተኛውን መርፌ ካገኙት ከመቶ 50ዎቹ፣ የማስመሰያውን ካገኙት ደግሞ 41ዱ የሕመማቸው ድግግሞሽ ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ። ልዩነት አለ፤ ግን ትንሽ ነው። በጣት መጫን ከዚህ ይበልጣል ብሎ የሚምል ሰው ቢያጋጥም ኪስን ጠበቅ ማድረግ ይበጃል። «ይህችን ነጥብ ተጫን፣ በሰላሳ ሰከንድ ትድናለህ» የሚሉት አጫጭር ቪዲዮዎች ከሰላሳ ሰከንድ በላይ ጊዜ አይገባቸውም።

እንግዲህ ለምን ይሞከራል? አንዱ ምክንያት ክኒን ነው። ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ላለፈ ጊዜ የሚውጥ ሰው ራሱ መድኃኒቱ የሚያመጣው ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። ሕመሙ ይነሣል፣ ክኒኑ ይዋጣል፣ ነገ ደግሞ ይነሣል። ከሱቅ እንደ ማስቲካ የሚገዛ ነገር ይህን ያደርጋል ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። በየቀኑ ከሚዋጠው ክኒን አንዱን ሁለቱን በአሥር ደቂቃ የጣት ሥራ መተካት ከተቻለ ቀላል ትርፍ አይደለም።

ጣት የማይገባበት ራስ ምታትም አለ። እንደ መብረቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጫፍ የሚደርስ፣ ከአደጋ በኋላ የመጣ፣ ምላስ ከሚያሳስር ወይም ግማሽ አካልን ከሚያዝል ድካም ጋር የተነሣ፣ ከ50 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረ ከሆነ ወደ ሐኪም ነው። ትኩሳት ኖሮ አንገት አልታጠፍ ካለ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማጅራት ማሸት ጊዜ መግደል ነው። ወባ ባለበት አካባቢ ትኩሳትና ራስ ምታት ያለው ሰው የደም ምርመራ ይቅደም። ነፍሰ ጡር ራሷን እያመማት ዓይኗ ከተጋረደ የደም ግፊቷ በዚያው ቀን ይለካ።

እጅን መጫን የሚሞከርበት ሌላው ምክንያት ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ክርስቲያንም ሆነ ረመዳንን የያዘ ሙስሊም ቀን ክኒን በውኃ ሊያወራርድ አይችልም፤ እጅን መጫን ግን ጾም አይፈታም። ይሁን እንጂ የጾም መጀመሪያ ቀናት ራስ ምታት ብዙ ጊዜ የቡና ነው። ካፌይን በአንጎል ያሉ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ሲቀር መልሰው ይሰፋሉ። ሕመሙ ከመጨረሻው ስኒ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ቀን ገደማ ይበረታል፣ አንዳንዱን እስከ ዘጠኝ ቀን ያቆየዋል። ጣት ያስታግሰው ይሆናል እንጂ ቡናውን አይተካም። ጾሙ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው በመጀመሪያ ሦስተኛውን፣ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ቶናውን ትቶ፣ መጨረሻ ላይ አቦሉን ወደ ግማሽ ስኒ የሚያወርድ ሰው ሄጉን የሚፈልገው አልፎ አልፎ ይሆናል።