ጨውና እንቅርት

ከባሕር በራቁ ተራራማ አገሮች እንቅርት ይበዛል። ዝናብና ጎርፍ አፈሩን ለዘመናት ሲያጥቡት አዮዲኑ አብሮ ይሄዳል፤ እህሉም፣ ሳሩን የምትግጠው ላምም፣ ወተቷን የሚጠጣው ሰውም ያንሰዋል። ጉሮሮ ሥር ያለው የታይሮይድ ዕጢ ያገኛትን ጥቂት አዮዲን ለመሰብሰብ ሲታገል ያብጣል። ሐበሻ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው በሽታውን ስለለመደው ነው። ከእብጠቱ ይልቅ የሚያስፈራው ግን የማይታየው ጉዳት ነው። እናት በእርግዝናዋ ወቅት አዮዲን በእጅጉ ካነሳት የልጇ አእምሮ በሚገባ ሳያድግ ሊቀር ይችላል።

መፍትሔው በስፋት የተጀመረው በስዊዘርላንድ ነው። በአልፕስ ተራሮች እንቅርት ብርቅ አልነበረም። ኦቶ ባያርድ የተባለ የገጠር ሐኪም ጥቂት አዮዲን ጨው ውስጥ እየቀላቀለ ለቤተሰቦች በመስጠት ሞከረው። እ.ኤ.አ. በ1922 ደግሞ ቀዶ ጠጋኙ ሃንስ ኤገንበርገር የአፔንዘል ነዋሪዎችን አስፈርሞ አዮዲን ያለው ጨው በክፍለ ግዛቱ እንዲሸጥ አስፈቀደ። ከሁለት ዓመት በኋላ በአሜሪካ የሚቺጋን ግዛት ተከተለ።

ጨው ለምን ተመረጠ? ሀብታሙም ድሃውም በየቀኑ፣ ያውም በተቀራራቢ መጠን ይበላዋል፤ የሚመረተውም በጥቂት ቦታዎች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃል ይላል። የዕድሜ ልክ ድርሻው ቢጠራቀም አንዲት የሻይ ማንኪያ አይሞላም! ችግሩ ታዲያ ይህችን ኢምንት በየቀኑ፣ ሳያቋርጡ፣ ለሁሉም ማድረሱ ላይ ነው።

የኢትዮጵያ ታሪክ ይህንኑ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከኤርትራዋ ወደብ ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው ቀረና ገበያው ወደ አፋር፣ ወደ አፍዴራ ሐይቅ ዞረ። እዚያ ጨዋማው ውኃ በፓምፕ እየተሳበ በገንዳ ይተኛል፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ጨዉም ይሰበሰባል። አምራቾቹ ብዙ ናቸው፤ የአብዛኞቹ አቅም ደግሞ ትንሽ፤ አዮዲን ለሁሉም ጨው ማዳረሱም ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤተሰቦች ዘንድ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዮዲን መቀላቀልን አስገዳጅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ።

ዝላዩ ያስደንቃል፤ ነገር ግን አዮዲን «አለው» ማለት «በቂ አለው» ማለት አይደለም። የአዮዲን ውህድ የሆነው ፖታሲየም አዮዴት በውኃ ተበጥብጦ ጨዉ ላይ ሲረጭ ካልተዳረሰ አንዱ ጆንያ ይበዛበታል፣ ሌላው ባዶ ይቀራል። ጨዉ ላይ ያረፈውንም አዮዲን እርጥበትና ፀሐይ ይቀንሱታል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች ጨዉ በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፣ ወጡ ውስጥም መጨረሻ ላይ ይግባ የሚሉት። በቤትና በገበያ የሚሠራበት ፈጣን መመርመሪያ ጠብታ ጨዉን ወደ ሰማያዊነት ሲለውጠው አዮዲን መኖሩን ይናገራል፤ መጠኑን በትክክል ለማወቅ ግን ናሙናው ላቦራቶሪ መግባት አለበት።